ግማሽ ሰዓት ታገሱ

ለቡ መብራት ኃይል
ጥቅምት 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ኮሎኔል ኢያቄም ገሠሠ፣

እንደምን አሉ ጌታዬ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ ከርሜ ዛሬ ጤናዎን ስጠይቅ እፍረት ይዞኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ። ታሰሩ ሲባል ሰምቼ ነበር። ሰምቼ ዝም አልኩ። ምክንያት ብደረድር አያምርብኝም።

ደብዳቤዎ ሐሙስ ዕለት ደረሰኝ። እህትዎ እትዬ ፀሐይወርቅ ከመካኒሳ በታክሲ መጥተው የሱቄ መስኮት ላይ ቆሙና የተሰበረ ስልክ ከነካርቶኑ አቀበሉኝ። ካርቶኑን ስከፍት ከሥሩ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ገና ሳልዘረጋው የእርስዎ እጅ ጽሑፍ መሆኑን አወቅሁ፤ ስንት መልእክትዎን በሬዲዮ አንብቤያለሁ። ቀና ስል እሳቸው መንገዱን ተሻግረዋል። ይህንንም መልስ በዚያው ካርቶን እልካለሁ።

ስለ እግሬ ለጠየቁኝ፣ ግራው ከጉልበቴ በታች ተቆርጧል። ሰው ሠራሽ እግር ሰጥተውኛል። ጉቶው ሲያብጥ አውልቄ ከጠረጴዛው ሥር አቆመዋለሁ። ሥራዬ የሞባይል ጥገና ነው። ሬዲዮ የለመደ እጅ ለስልክ አይቸገርም።

የት እንደምኖር ጠይቀውኛል። ይህን ባልመልስ በወደድኩ። ቃሬዛ ተሸካሚውን ሮበሌ ቀጄላን ያስታውሱታል፤ ድልድዩ ሲፈርስ የቀረውን። ከሆስፒታል ስወጣ መርዶ ላደርስ እናቱ ቤት ሄድኩ። ሰፈሩ በኦሮምኛ አደ ገዲሴ ይላቸዋል። የእርሻ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከተሠራበት ወዲህ ግቢያቸውና ሦስት ላም ብቻ ቀርቷቸዋል፤ ወተት ይሸጣሉ። ልጅዎ ፊት ለፊት ሲዋጋ ወደቀ አልኳቸው። አልቅሰው ሲጨርሱ ማደሪያ እንዳለኝ ጠየቁኝ። የለኝም አልኩ። የሮበሌን ክፍል ከፈቱልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በአልጋው ላይ እተኛለሁ።

ሰው ምን ይላል ላሉኝ፣ ታክሲ ውስጥ ስምዎ ሲነሳ ተሳፋሪው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ፣ ያን ድልድይ ባያፈነዳው ከኋላው ያለው ከተማ ባለቀ ነበር ይላል። ሌላው፣ ሰው የሞላበት ድልድይ ያፈነዳ አውሬ ነው ይላል። እኔ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አያለሁ።

መርማሪውም መጥቶ ነበር። ትኩሳት ይዞኛል ብዬ መለስኩት። ተመልሶ ይመጣል።

አክባሪዎ
ሃምሳ አለቃ ዳኜ

ኅዳር 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳኜ፣

በሕይወት መኖርህን በማወቄ ደስ ብሎኛል። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ ሁለተኛ አታንሳው።

አንገቴ ላይ ስላለው ቁስል እህቴን ጠይቀሃታል። እዚህ ካለን እስረኞች አንዱ ወንድሙ ድልድዩ ላይ ሞቶበታል። የቆርቆሮ ክዳን ሲሞርድ ሰንብቶ በመጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ። ጉሮሮዬን ስቶ ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ ቀደደኝ። እጁን ጠምዝዤ ስሰብረው አልጮኸም፤ ስሙን ብቻ ይጠራ ነበር፣ የወንድሙን ስም። አሥራ አራት ስፌት ነው። ለእህቴ ሦስት ነው ብያታለሁ፤ አንተም ሦስት በላት።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ክሱ ብዙ ወረቀት አለው፣ ነገሩ ግን አንድ ነው። ከረፋዱ በ5 ሰዓት ከ40 ብርጌዱ በሬዲዮ፣ ድልድዩ ላይ ሰው አለና አትንኩ፣ ግማሽ ሰዓት ታገሱ ብሎ አዞኛል፤ እኔ ትዕዛዙን ጥሼ በ5 ሰዓት ከ46 አፈነዳሁ። ሠላሳ አንድ ሲቪልና ዘጠኝ የራሴ ወታደሮች ሞቱ። በብርጌዱ መዝገብ ላይ ከእኛ በኩል "ተቀብያለሁ" የሚል መልስ እንደተሰጠ ተጽፏል።

ይህ መዝገብ ከጊዜ በኋላ የተሞላ ነው። ያን ሰዓት ምንም አላዘዙም፤ ነገሩ ሲከፋ ራሳቸውን ለማዳን ጻፉት። አንተ ማዳመጫውን በጆሮህ አድርገህ "ጌታዬ፣ መስመሩ ሞቷል" ያልከኝ በዚያው ሰዓት ነው። ከእኔ ሌላ ይህን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ሰው አንተ ብቻ ነህ። ፍርድ ቤት ቀርበህ ይህንኑ ተናገር። ጨምርልኝ አላልኩህም፣ ቀንስልኝም አላልኩህም።

ከዚያች ሴት ቤትም ውጣ። በሟች አልጋ ላይ መተኛት አእምሮ ያናጋል።

ኢያቄም

ኅዳር 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጌታዬ፣

ስፌቱ ተፈታልዎ? ለእትዬ ፀሐይወርቅ ሦስት ነው ብያቸዋለሁ። የሚያምኑ አይመስሉም።

ለምስክርነቱ እሺ የሚል መልስ ሳልክ በመቅረቴ መቆጣትዎን እሳቸው ነግረውኛል። እውነትዎን ነው። ጉቶዬ ቆስሎ ነበር፤ ሐኪሙ ብዙ አትቁም ብሎኛል። ይህ ምክንያት እንዳልሆነ ለእኔም ይታወቀኛል።

ከአደ ገዲሴ ቤት አልወጣሁም። እንዴት ብዬ ልውጣ? ጠዋት ላሞቹን አልበው ሲጨርሱ ደጄ ላይ መጥተው ይቆማሉ። በየቀኑ አንድ ነገር ይጠይቁኛል። ሲሞት አጠገቡ ሰው ነበር? የተመታው የት ላይ ነው? ቶሎ ነው የሞተው? እኔ አንድ ጊዜ ደረቱን አልኩ፣ ሌላ ጊዜ ራሱን አልኩ። ባለፈው ሳምንት፣ ደረቱን ብለኸኝ ነበር አሉኝ። ሁለቱንም ነው አልኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና ሄዱ። የድልድዩን ወሬ ከሰው ሰምተዋል። ልጃቸው እዚያ እንደነበረ ግን ከእኔ አፍ መስማት ነው የሚፈልጉት መሰለኝ።

እርስዎ ትዕዛዝ ሰጥተውኝ እኔ ጥያቄ ማቅረቤ ድፍረት ነው፤ ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ድልድዩ ከመፍረሱ አንድ ቀን በፊት አሥር አለቃ ልዑልቃል ያለ ትዕዛዝ ምሽጉን ለቆ ሲሮጥ እኔ ሬዲዮዬን ተሸክሜ ከኋላዎ ነበርኩ። ሽጉጥዎን ሲያወጡ አየሁ። ልዑልቃል ዞሮ፣ "ጌታዬ፣ ጥይት እኮ ጨርሻለሁ" ነበር ያለው። ተኮሱበት። ደሙ መነፅሬ ላይ ተረጨ። መነፅሬን ስጠርግ እርስዎ፣ "ከቦታህ አትነቃነቅ ከተባልክ አትነቃነቅም" አሉን።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ያን ረፋድ የብርጌዱ ትዕዛዝ በእርግጥ ደርሶዎት ቢሆን ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር?

ዳኜ

ታኅሣሥ 16 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳኜ፣

የልዑልቃልን ነገር ማንም ሳይጠይቀኝ ለመርማሪው ነግሬዋለሁ። ዕድሜው ሃያ ሁለት ነበር። እሱን ባልመታው በስተቀኝ ያለው ምሽግ ሁሉ ተከትሎት ይሮጥ ነበር። ይህን ስል እንቅልፍ ይወስደኛል ማለቴ አይደለም።

ለጥያቄህ መልሱ አጭር ነው። ትዕዛዙ ደርሶኝ ቢሆን እታገስ ነበር። ወታደር ነኝ። ግማሽ ሰዓት ታገስ ከተባልኩ ግማሽ ሰዓት እታገሳለሁ፣ ሁላችን ብናልቅም።

አንተ ጉድጓዱ ውስጥ አጎንብሰህ ስለነበር አላየህም። እኔ ያየሁትን ልንገርህ፤ ፍርድ ቤት ስትቀርብ ምን ላይ እንደምትመሰክር እወቅ። ከወንዙ ማዶ ሁለት መቶ ሃምሳ ሜትር ላይ መንገዱ ይታጠፋል። ሁለት ታንኮች ከዚያ መታጠፊያ ወጡ። ከፊታቸው የመንደሩ ሰው እየሮጠ ወደ ድልድዩ ገባ። የነሐሴ ሙላት ነው፣ ሌላ መሻገሪያ የለም። የታንኮቹ ዲሽቃ መትረየስ ከኋላ ይተኩስባቸው ነበር። የዲሽቃ ጥይት ሰው ሲያገኝ ቀዳዳ አይደለም የሚያበጀው፤ ይቆርጣል። አንዲት ሴት ከወገቧ በላይ ያለው አካሏ ወደ ፊት ሲወድቅ አይቻለሁ። አህያ ከነጭነቱ ድልድዩ መሃል ወድቆ መንገዱን ዘጋው፣ ሰው በሰው ላይ ወጣ። የእኛም ቃሬዛዎች መሃላቸው ነበሩ። በዚያ ርቀት የማንንም ፊት አልለየሁም።

ታንኩ ከተሻገረ ሁለት መቶ ሰማንያ ሰው ይዤ ምንም መከላከያ አልነበረኝም። ከእኔ ኋላ ደግሞ ተፈናቃይ የሞላበት ከተማ ነበር። መሐንዲሱን አፈንዳ አልኩት። አልችልም ብሎ የፈንጂውን ማስነሻ እጀታ ለቀቀ። በቦክስ አፉን መትቼ ገፈተርኩትና ራሴ አዞርኩት። የድልድዩ ወገብ ወደ ላይ ተነሳ። ውሃው ቀይ ሆነ የሚሉ አሉ። ውሸት ነው። የነሐሴ ውሃ ጭቃ ነው፣ ምንም አያሳይም።

ከዚያ ሞርታር ወደቀብን። እግርህ በቆዳ ብቻ ተንጠልጥሎ አገኘሁህ። በቀበቶዬ አስሬ አራት ኪሎ ሜትር በትከሻዬ ተሸከምኩህ። ይህን የጻፍኩት ውለታ ለመቁጠር አይደለም። አዎ፣ ለመቁጠር ነው። ሌላ ሰው የለኝም።

ቀጠሮው የካቲት 27 ነው።

ኢያቄም

ጥር 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጌታዬ፣

ለምን ዘገየህ ላሉኝ፣ ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። አሁን ሳላነብ እልከዋለሁ።

መዝገቡ እውነት ነው።

መስመሩ አልሞተም ነበር። ያን ሰዓት እንደዚያ ጥርት ብሎ የሰማሁበት ጊዜ የለም። የብርጌዱ ኦፕሬተር ሁለት ጊዜ ጠራኝ። "ድልድዩ ላይ ሰው አለ። አትንኩ። ግማሽ ሰዓት ታገሱ። መቀበልህን አረጋግጥ" አለኝ። "ተቀብያለሁ" አልኩት። አፌ በልማዱ ነው የመለሰው። ከዚያ ቀና ብዬ አየሁዎት። የርቀት መነፅርዎን ይዘው ማዶ ማዶውን ያያሉ። የልዑልቃል ደም ሸሚዜ ላይ ደርቆ ነበር። እርስዎ ትዕዛዝ ከመጣ እንደማይነቃነቁ አውቅ ነበር፤ አሁን ራስዎም ጽፈውልኛል። የታንኩ ድምፅ መሬቱን ያንቀጠቅጠው ነበር። ግማሽ ሰዓት ማለት ሁላችንም በዚያ ጉድጓድ እንቀበራለን ማለት መሰለኝ።

"ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ጌታዬ፣ መስመሩ ሞቷል" አልኩ።

ከዚያ ደግመው ቢጠሩ እንዳይሰማ የአንቴናውን ገመድ ነቀልኩት። አጎንብሶ ነበር ያሉኝ እውነት ነው። አጎንብሼ ነበር። ገመዱን በመዳፌ ጨብጬ፣ ቶሎ አፈንዱት፣ ቶሎ አፈንዱት እል ነበር፤ በሆዴ። ፍንዳታው ሲሰማ ደስ አለኝ። ይህንንም ልጻፈው። ደስ አለኝ ጌታዬ።

ሮበሌ ማዶ እንዳለ አውቅ ነበር። ቁስለኛ ሊያመጣ ሲሻገር በእኔ በኩል ነው ያለፈው። ውሃ አለህ ብሎ ኮዳዬን ወሰደ። ድልድዩ ላይ ደርሶ ነበር ወይስ ገና ማዶ ነበር፣ አላየሁም። ለእናቱ የምዋሸው ስለማላውቅም ነው።

የሸሸ ሰው በሽጉጥ የሚመታ ከሆነ እኔ ከልዑልቃል በላይ ሸሽቻለሁ። እሱ በእግሩ ሸሸ፣ እኔ ተቀምጬ። እርስዎ ደግሞ እኔን ተሸክመው አወጡኝ። ጀርባዎ ላይ ሆኜ ሕመሙ ሲያስጮኸኝ፣ "አይዞህ ልጄ" ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ ልነግርዎ ነበር። ቢያወርዱኝስ ብዬ ፈራሁ።

እርስዎ የታሰሩት በእኔ ቃል ነው። ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህን ሁሉ እናገራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ከእኔ ይስሙት።

ዳኜ

ጥር 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳኜ፣

ደብዳቤህን አነበብኩት።

ያን ዕለት አውቄ ቢሆን ኖሮ ልዑልቃል በወደቀበት እጥልህ ነበር። ዛሬም ፊቴ ብትቆም እጄን አላምነውም። እዚህ ሁለት ዓመት የብርጌዱን አዛዥ ሐሰተኛ እያልኩ ስረግመው ኖሬያለሁ። ሰውየው እውነቱን ነበር የጻፈው።

እንዳትጽፍልኝ።

ኢያቄም

የካቲት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጌታዬ፣

አትጻፍ ብለውኛል። ይህን ትዕዛዝም ጣስኩ።

እትዬ ፀሐይወርቅ ፊቴን አይተው፣ ማን ነው እንዲህ ያደረገህ ብለው ጠይቀውኛል፤ ለእርስዎም ሳይነግሩ አይቀሩም። የደበደቡኝ አደ ገዲሴ ናቸው። ለፍርድ ቤቱ የምናገረውን እሳቸው ከራዲዮ ወይም ከጎረቤት እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ላሞቹን ሊያስገቡ ግቢ ውስጥ ቆመው ሳለ ቀርቤ ነገርኳቸው። ትዕዛዙን፣ ውሸቱን፣ ገመዱን። ኮዳዬን እንደወሰደም ነገርኳቸው። መጀመሪያ አልገባቸውም፤ በኦሮምኛ፣ እንደገና በል አሉኝ። እንደገና አልኩ።

ላም የሚነዱበት ዱላ በእጃቸው ነበር። የመጀመሪያው ምት አፌ ላይ አረፈ፤ ሁለት ጥርሴ ወለቀ። ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ። ሰው ሠራሹ እግር ተፈናጥሮ ወጣና ወደቅሁ። ወድቄም አላቆሙም። እሳቸው አይጮሁም፣ እኔም አልጮህም፤ ላሞቹ ብቻ ደንብረው ግቢውን ይዞሩ ነበር። እጄን አላነሳሁም። እዚያው ቢጨርሱኝ ደግ ነው ብዬ ነበር። ጎረቤታቸው አቶ ሞልቱ አጥሩን ዘለው ገብተው ከኋላ ያዟቸው። ዱላው ለሁለት ተሰብሮ ነበር።

"ሁለት ዓመት በልጄ አልጋ አስተኛሁህ" አሉኝ። ልብሴንና የሮበሌን ፍራሽ አውጥተው አስፋልቱ ላይ ጣሉት። ፍራሹንም። አቶ ሞልቱ ደግፈው ሱቄ ድረስ አደረሱኝ። የትከሻዬ አጥንት ተሰንጥቋል። አሁን ሱቁ ውስጥ ነው ያለሁት።

የካቲት 27 እመጣለሁ። ከእርስዎ ይቅርታ አልለምንም። እርስዎ ነፃ ይወጣሉ፤ እኔ የሚፈረድብኝን እቀበላለሁ።

ዳኜ

መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

ጌታዬ፣

ለምን?

አምስት ቀን ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት። ሰብሳቢ ዳኛው ቃሌን አስምለው ሲቀበሉኝ አንድ ነገር አላስቀረሁም። በ5 ሰዓት ከ40 ትዕዛዙን እኔ ተቀበልኩ፣ ለአዛዤ ደበቅሁ፣ ገመዱን ነቀልኩ አልኩ። ዓቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አስቀመጠ። ጠበቃዎ ፈገግ ሲል አየሁት። እትዬ ፀሐይወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያለቅሱ ነበር። አለቀ፣ ወጡ ብዬ ነበር።

ከዚያ እርስዎ እጅዎን አነሱ። የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ፦ "ይህ ሰው ሕይወቱን ያተረፍኩለት ወታደር ነው። ውለታ ሊመልስልኝ መጥቷል። የሚለው ግን ውሸት ነው። ትዕዛዙን በሰዓቱ ነግሮኛል፤ ሰምቼ ነው ያፈነዳሁት።"

እኔ ውሸት አይደለም ብዬ ጮህኩ። ሁለት ወታደሮች ብብቴን ይዘው አወጡኝ። በሩ ላይ ሲለቁኝ እግሬ ተሰናክሎ ስወድቅ ማንም አላነሳኝም። የተፈረደብዎትን፣ አሥራ ስድስት ዓመት፣ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። አደ ገዲሴ ከሟች ቤተሰቦች ጋር ተቀምጠው ነበር። ሲወጡ አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ማንኛችሁን ልመን አሉ። መልሴን ሳይጠብቁ ሄዱ።

ለአንድ ጊዜ እውነት ብናገር እርስዎ ውሸታም አደረጉኝ። ይህን ለእኔ ብለው ከሆነ አልፈለግሁትም። በልዑልቃል አምላክ ይንገሩኝ፤ ለምን?

ዳኜ

ሚያዝያ 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ዳኜ፣

ዘግይቼ የመለስኩልህ የምነግርህ ነገር እስኪሟላ ብዬ ነው። ትከሻህ እንደጠገነ እህቴ ነግራኛለች። ስለ ቁጣዬ ይቅርታ አልጠይቅህም፤ አንተም አትጠይቀኝ።

ለአንተ ብዬ አይደለም። አታመስግነኝ። ምስክርነትህን ስሰማ፣ አሁን ነፃ ልወጣ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ የሟቾቹን ቤተሰቦች አየሁ። እኔ ትዕዛዝ ስላልሰማሁ ወጣሁ፤ አንተ ስለፈራህ ጥቂት ዓመት ታሰርክ። ያን ሁሉ ሰው ማን ገደለው ሊባል ነው? የሬዲዮ ገመድ? እጀታውን ያዞረው ይህ እጅ ነው። ድልድዩ ላይ ሰው እንዳለ የሚነግረኝ ብርጌድ አላስፈለገኝም፤ ዓይኔ ነግሮኛል። በታኅሣሥ የማንንም ፊት አልለየሁም ብዬ ጽፌልህ ነበር። ዋሽቼህ ነው። የርቀት መነፅሩ ዓይኔ ላይ ነበር። ሮበሌን አይቼዋለሁ።

ትዕዛዙ ቢደርሰኝ እታገስ ነበር ያልኩህንም አሁን አላውቀውም። ምናልባት እታገስ ነበር። ምናልባት አንተን አሳምሬ ገሥጬ አፈነዳው ነበር። ከተማው አልተነካም፣ ሁለት መቶ ሰማንያዎቹም ተርፈዋል። ይህን አስቤ የምጽናናበት ቀን አለ፤ የማልጽናናበት ቀን ይበልጣል።

ባለፈው እሑድ እናቱ መጥተው ነበር። እህቴን መካኒሳ ድረስ ሄደው ለምነዋት፣ እሷ ይዛቸው መጣች። ከሽቦው ማዶ ተቀመጡ። እጃቸውን አየሁት፤ ትልልቅ ነው፣ የሥራ እጅ። ከዚያ፣ ፍርድ ቤት የዋሸው ማንኛችሁ ነው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ፣ ዳኜ የተናገረው ሁሉ እውነት ነው አልኳቸው።

"ልጄን አይተኸዋል?" አሉ።

"አይቼዋለሁ።"

እንዴት እንደነበር ጠየቁኝ። የቃሬዛውን የፊት ጫፍ ይዞ ነበር አልኩ። ከኋላ የያዘው ጓደኛው ተመትቶ ሲወድቅ እሱ ቁስለኛውን ጥሎ አልሮጠም፤ አንስቶ በጀርባው አዘለው። አህያው ላይ ተራምዶ አለፈ። ወደ እኛ እየሮጠ ነበር። አፉ ይከፈት ነበር፣ የሚለው ግን አይሰማም። ሴትየዋ ሽቦውን ጨበጡት፤ ዘበኛው ሊከለክላቸው ሲጠጋ በዓይኔ መለስኩት።

"ምን ያህል ቀርቶት ነበር?"

"ሃያ እርምጃ ያህል።"

እህቴ እንሂድ ብላ ክንዳቸውን ነካቻቸው። አልተነሱም።

"ግማሽ ሰዓት ብትታገስ ይሻገር ነበር?"

ለፍርድ ቤቱ መዋሸት ቀሎኝ ነበር። እሳቸውን ግን አልቻልኩም። "አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር" አልኳቸው።

ሽቦውን ለቀው ተነሱ። አልረገሙኝም። ጀርባቸውን ሰጥተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ ለእህቴ፣ አሁን ልጄን ልቅበረው አሏት።

ዳኜ፣ መኖሪያህና የእሳቸው ግቢ አንድ ሰፈር ነው፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ መገናኘታችሁ አይቀርም። አንተንም ይጠይቁህ ይሆናል። እንዳትራራላቸው፣ ቶሎ ነው የሞተው፣ ሩቅ ነበር እንዳትላቸው። የምትላቸው ይህንኑ ነው። ሃያ እርምጃ ቀርቶት ነበር። አንድ ደቂቃ ይበቃው ነበር።

ኢያቄም